ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ

አድሚን እህቴ፣ ስሜን ሳትጠቅሺ ለጥፊልኝ። ያለሁት ቤሩት ነው፣ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

እዚህ ገጽ ላይ የምናነበው አብዛኛው ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ማዳም ነው። ይጻፍ፣ ልክ ነው፣ እኔም ከእናንተ ታሪክ ብዙ ተምሬያለሁ። ባለፈው ግን አንዲት እህታችን "በር ጓ ሲል ልቤ ሊወጣ ይደርሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ምን ላርግ?" ብላ ጠይቃ ነበር። ኮሜንት ላይ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነብኝ ዛሬ በሰፊው ልመልስላት ነው የመጣሁት። መልሴ ትንሽ ያስቃል። ስለ አንድ የሙዚቃ አልበም ነው። አልበሙ ደሞ ዘፋኝ የለውም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይባልበትም። እስኪ አንብቡልኝና ከዚያ ትስቃላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃል ላውራ። እኛ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው ቃል ምንድነው? "ታዒ"፣ "ሩሂ"፣ "ጂቢ"፣ "ያላ"። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ ቶሎ በይ። እኔ አረብኛ የተማርኩት በትእዛዝ ነው፣ ብዙዎቻችሁም እንደዛው። አንድ ዓመት ሙሉ "አምጪ" የሚለውን አውቄ "እባክሽ" የሚለውን አላውቅም ነበር፣ ያለኝ ሰው ስላልነበረ። ስለዚህ ማታ ክፍሌ ስገባ ጆሮዬ ቃል የጠገበ ጆሮ ነው።

የሀገራችን ዘፈን ደሞ ሌላ ነው። እሱ ቃሉ ይወጋል። ስለ እናት ሲዘፈን፣ ስለ ሀገር ሲዘፈን፣ ትዝታ ሲመጣ፣ በቃ እጄ ላይ ያለው ሰሀን ይከብደኛል። ጥሩ ለቅሶ አለ፣ አውቃለሁ፣ አልቅሰሽ የሚቀልልሽ። ግን ሁልጊዜ ማልቀስ አይቻልም፣ ነገ 12 ሰዓት ላይ ተነስተሽ አይንሽ ካበጠ "ምን ሆነሽ ነው?" ትባያለሽ፣ መልሱንም አረብኛ አርገሽ ማስረዳት ይኖርብሻል። እኔ አንድ ወቅት ላይ የአማርኛ ዘፈን መስማት አቁሜ ነበር። ጠልቼው አይደለም፣ ስለማልችለው ነው።

ያ ወቅት መቼ እንደነበረ ቤሩት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4፣ 2020። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ወደቡ ላይ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ፈነዳ። ከ200 ሰው በላይ ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ቆሰለ። እኔ ያለሁበት ቤት አሽረፊዬ ነው፣ ወደቡ ቅርብ ነው። መጀመሪያ አንድ ፍንዳታ ተሰማ። ብዙ ሰው ምንድነው ብሎ ወደ መስኮት ሄደ፣ ብዙ ሰውም የተጎዳው እዛ ቆሞ ነው። እኔ ግን አሮጊቷ፣ የማዳም እናት፣ ከክፍሏ ስትጮህ ሰምቼ ላነሳት ኮሪደር ውስጥ እየሮጥኩ ነበር። ሁለተኛው የመጣው ያኔ ነው። እሱን ድምጽ ነው ማለት ይከብደኛል። አየሩ ራሱ መታኝ። ከዚያ የመስታወት ዝናብ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የመኪና አላርም በየመንገዱ።

ቤቱ ውስጥ አንድም መስኮት አልቀረም። ኮሪደሩ ብቻ መስታወት ስለሌለው ሁላችንም ፍራሽ አንጥፈን እዛ ተኛን፣ ማዳም፣ አሮጊቷ፣ ልጅቷ፣ እኔ። በዚያ ቤት ከእነሱ እኩል መሬት ላይ የተኛሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። የቤቱ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ ክንዷ በመስታወት ተቆርጦ ተሰፍቷል። ሌሊት ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር እሷም ትባንናለች፣ እኔም እባንናለሁ፣ ጨለማ ውስጥ አይናችን ይገጣጠማል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሌሊት ይመስለኛል፣ ኤርፎኗን አውጥታ አንዱን ጫፍ ለራሷ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። "ምንድነው?" አልኳት። "ሙዚቃ ነው። ቃል የለውም፣ ማንም ምንም አይልሽም" አለችኝ።

ማንም ምንም አይልሽም። እኔ ያንን ያህል ጊዜ የፈለግኩት እሱን ነበር ለካ።

የሰማሁት እንዲህ ነው። አንዲት የጊታር ድምጽ፣ አንዲት ብቻ፣ እየደጋገመች ትመታለች። ከስር ደሞ ከበሮው እንደ ልብ ምት፣ ዱም ዱም፣ ዱም ዱም። ሌላ ምንም የለም። ጠበቅኩ። ሌላ ጊታር ቀስ ብሎ ገባ። ከዚያ ሦስተኛ። ማንም አይቸኩልም። አሁን ዘፋኙ ይገባል ብዬ ስጠብቅ ዘፋኙ አይገባም። ድምጹ እየሞላ፣ እየሞላ፣ እንደ ክረምት ወንዝ መጣና ኮሪደሩን ሞላው። የገረመኝ ነገር ግን ሲጮህ አልደነገጥኩም። ሲመጣ እያየሁት ነው የመጣው።

እህቴ፣ ያቺ በር ጓ ሲል የምትደነግጪው፣ ላንቺ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይሄ ነው። እኛን የሚገድለን የድምጹ ትልቅነት ብቻ አይደለም፣ ሳይነግረን መምጣቱም ነው። ፍንዳታው አልነገረንም። ማዳም ስትጮህ አትነግርሽም። ደላላው ደውሎ "ሌላ ቤት ነው የምትገቢው" ሲልሽ ቀድሞ አልነገረሽም። ሰውነታችን ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ይሄ ሙዚቃ ትልቅ ድምጽ አለው፣ ግን በአብዛኛው አስቀድሞ ይነግርሻል። ከሹክሹክታ ተነስቶ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ይፈነዳል፣ ከዚያ ደሞ መልሶ ያወርድሻል። ጆሮዬ ትልቅ ድምጽ ሰምቶ በሰላም መውረድ እንደሚቻል የተማረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን አይደለም የፈጀብኝ። ብዙ ሌሊት ነው የፈጀብኝ።

አሁን ስለ አልበሙ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ የቤቱ ልጅም ነግራኛለች፣ እኔም እያነበብኩ ያገኘሁት አለ።

ባንዱ ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ ይባላል። በኛ "ፍንዳታ በሰማይ" ማለት ነው። አዎ፣ እኔም ስሙን ስትነግረኝ ኤርፎኑን ከጆሮዬ ነቅዬ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ የምን የፍንዳታ ሙዚቃ ነው? እሷ ሳቀች፣ ከፍንዳታው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ስሙ የመጣው ለካ ከርችት ነው። አሜሪካኖች ጁላይ 4 የነጻነት በዓላቸውን በርችት ያከብራሉ፣ ልጆቹ ባንዱን በመሠረቱበት በ1999 በዚያ በዓል ሌሊት ሰማዩን አይተው ያወጡት ስም ነው።

አራት ወንዶች ናቸው፣ የቴክሳስ ክፍለ ሀገር ከተማ ከሆነችው ከኦስቲን። ሦስቱ አብረው ያደጉት ሚድላንድ የምትባል የነዳጅ አገር ናት፣ ሜዳ፣ ደረቅ፣ ሰማዩ ሰፊ። አራተኛው፣ ከበሮ መቺው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው የመጣው። ጊታርና ቤዝ ጊታር፣ ከበሮ፣ በቃ። አልበሙ የወጣው በ2003 ነው። ርዕሱ ዚ ኧርዝ ኢዝ ኖት ኤ ኮልድ ዴድ ፕሌስ ነው፣ "ምድር ቀዝቃዛ የሞተ ቦታ አይደለችም" እንደማለት። አምስት ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፣ ጠቅላላው 45 ደቂቃ ገደማ። አንዱ ብቻውን ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር ደቂቃ ይሄዳል። እንደዚህ ዓይነቱን ሙዚቃ ፈረንጆቹ ፖስት ሮክ ይሉታል፣ ስሙን ያስለመደው ሳይመን ሬይኖልድስ የሚባል የእንግሊዝ የሙዚቃ ጸሐፊ ነው፣ በ1994። የሮክ ዕቃ ይዘው የሮክ ዘፈን የማይጫወቱ ማለት ነው ባጭሩ። ጊታሩ የዘፈን አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ይናገራል።

የመጀመሪያው ሙዚቃ ስሙ "ከሰመመን በኋላ የመጀመሪያው ትንፋሽ" ነው። ያ የልብ ምት የሚመስለው እሱ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ቆይቶ ሲነቃ በሉት። እኔ ስሙን ሳላውቅ ነበር የሰማሁት፣ ስሙን ስትተረጉምልኝ ግን "ገብቶኝ ነበር" አልኳት። ቃል ሳይኖረው እንዴት ገባኝ? እንጃ። ክራር የሚደረድር ሰው ዝም ብሎ ሲደረድር ምን እንደከፋው አይገባችሁም? ዋሽንት ሲነፋስ? እንደዛ ነው።

ሁለተኛው "ብቻችንን የሆንባት አንዷ ቅጽበት" ነው። ከአስር ደቂቃ ይበልጣል። ለኔ ከአምስቱ ኃይለኛው እሱ ነው። መሃል ላይ ሊጠፋ ደርሶ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ እንደገና ተነስቶ መጨረሻው ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ይወርዱበታል። እሱን ስሰማ የሚመጣብኝ ከቤት የወጣሁበት ቀን ነው። አሻንጉሊት የሚያክል ቦርሳ ይዤ፣ እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ። ማንም ሳይዘፍንልኝ እኔው ቃሉን አገባበታለሁ። የዚህ ሙዚቃ ጥሩነቱ እሱ ይመስለኛል። ዘፋኝ ሲኖር የራሱን ሐዘን ይነግርሻል። ዘፋኝ ሳይኖር ቦታው ባዶ ነው፣ የራስሽን ሐዘን ታስቀምጪበታለሽ፣ ደስታ ካለሽም ደስታሽን።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስሙ "ስድስት ቀን በውቅያኖስ ወለል" ነው። ይሄ ስም እውነተኛ ታሪክ አለው። በ2000 ኦገስት 12 ኩርስክ የሚባል የሩሲያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጡ ፍንዳታ ደርሶ ባሬንትስ ባሕር ውስጥ ሰመጠ። 118 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልተረፈም። ግን ሁሉም ያኔውኑ አልሞቱም። 23 ሰዎች ከኋላ ባለው ዘጠነኛው ክፍል ተሰብስበው ነበር። ከእነሱ አንዱ ዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ የሚባል መኮንን በጨለማ ውስጥ በዳበሳ የሰዎቹን ነገር ጽፎ፣ ለሚስቱም መልእክት ትቶ፣ ወረቀቱ በኋላ አስከሬኑ ላይ ተገኘ። ከውጭ እርዳታ እስኪመጣ ቀናት አለፉ። የኖርዌይ ጠላቂዎች በሩን ሲከፍቱት ውስጡ በውሃ ተሞልቶ ነበር።

ይሄንን ካነበብኩ በኋላ ያንን ሙዚቃ ስሰማ የማስበው ስለ ሩሲያ አይደለም። በር ስለተቆለፈባቸው እህቶቼ ነው። ቁልፉ ከውጭ ያለ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ ስልካችሁ የተቀማ፣ በመስኮት ብቻ ሰው የምታዩ። የጻፋችሁት ወረቀት የማን እጅ እንደሚገባ የማታውቁ። ያ ሰውዬ በጨለማ ጻፈ። ያነበበለት ሰው መጣ፣ ግን ዘገየ። እኛ እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው አንድ ቀን ቀድሞ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብለን ነው። ስለዚህ ከተቆለፈበት ቤት "እርዱኝ" ብላ የምትጽፍ እህት ስታዩ ሼር ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ፣ ሰፈሩን ጠይቋት፣ የሕንጻውን ምልክት ጠይቋት፣ የሚደርስላት ሰው እስኪገኝ አትልቀቋት። ሙዚቃ ላይ ልጽፍ ተነስቼ ይሄን አነሳሁ፣ ግን ሙዚቃው ራሱ ነው ያመጣኝ።

አራተኛው "መታሰቢያ" ይባላል። አጀማመሩ በጣም ዝግ ያለ ነው፣ የሆነ ሰው እንቅልፍ እንዳይነቃ የሚራመድ ይመስላል። ወደ መጨረሻው ግን ጊታሮቹ ይንጫጫሉ፣ ስለዚህ ጆሮሽ እንደኔ የተጎዳ ከሆነ መጀመሪያ ድምጹን ቀንሰሽ ስሚው። እሱን የምሰማው በዚያ ፍንዳታ ለሞቱት ነው፣ ከነሱ መሃል የኛው አገር ልጆችም ነበሩና። እኛ በሰው አገር ድንኳን ተክለን አናለቅስም። ለቀስተኛ የለንም፣ ንፍሮ የሚቀቅልልን የለም። መርዶ በስልክ እንሰማለን፣ ስልኩን ዘግተን ሩዝ እናማስላለን። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ለሞተ ሰው ብቻ መስጠት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛው "እጅሽ በእጄ" ነው። ስለሱ ብዙ አልናገርም፣ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። አያስፈራም፣ አያስደነግጥም፣ ከአልበሙ ሁሉ ለሰው ልብ የቀረበው እሱ ነው። ባንዱ በ2004 ፍራይደይ ናይት ላይትስ ለሚባል ፊልም ሙዚቃ ሲሠራ ይሄም ሙዚቃ ገብቶበታል። ፊልሙ እዛው እነሱ ባደጉበት አካባቢ ስለሚጫወቱ የትምህርት ቤት ልጆች ነው፣ በእግር ኳስ፣ የነሱ የአሜሪካኖቹ ኳስ። በቫዮሊን የታጀበውም አለ። እኔ የምወደው ግን በጊታር ብቻ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ። ፊት ለፊታችን ያለው ሕንጻ ላይ የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። በረንዳ ለበረንዳ በእጅ ምልክት ነበር የምናወራው፣ በኋላ ማታ ማታ በኢሞ። ሊራ ወድቆ ደሞዝ መክፈል አቁመውባት ስለነበር ከፍንዳታው በኋላ ወደ ሀገሯ ገባች። ከመሄዷ በፊት ይሄንን ሙዚቃ ላኩላት፣ "ማታ ስትተኚ ስሚው" ብዬ። በነጋታው ቮይስ ላከችልኝ። "አንቺ፣ ስምንት ደቂቃ ጠበቅኩ እኮ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?" እኔ ኩሽና ውስጥ በሳቅ ሞትኩ። "የኔ እናት፣ አልቋል!" አልኳት። "ታዲያ ስንት ካርድ በላሽብኝ!" አለች። እስከዛሬ ስንደዋወል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ዘፋኙ መጣ ወይ?" ብላ ነው።

ግን ከወራት በኋላ ደሴ ሆና ሌሊት ደወለችልኝ። እንቅልፍ እንቢ ብሏታል፣ አገሯ ገብታም ቤሩት አለቀቃትም። "ያንን ዘፋኝ የሌለውን እስቲ ላኪልኝ" አለችኝ። ላኩላት። ወደደችው አልላችሁም። "አያስቀይምም" ነው ያለችው። ለደሴ ልጅ ደሞ "አያስቀይምም" ማለት ብዙ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "የራሳችን እያለ የፈረንጅ ሙዚቃ ምን ያረጋል?" ትሉ ይሆናል። የራሳችንማ አለ! ቃል የሌለው ሙዚቃ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እኛ "ክላሲካል" የምንለው፣ በሬዲዮ ከዜና በፊት የሚለቀቀው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሙ። እሳቸው ራሳቸው በስደት ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረው እዛው በ2023 ነው ያረፉት፣ 99 ዓመታቸው ነበር። ኃይሉ መርጊያን ስሙ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዛው ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ በአኮርድዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ኮፈኑ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፣ እሱም መድረክ ላይ ተመለሰ።

ይሄንን የኃይሉን ነገር ያነበብኩ ቀን በጣም ነው ያሰብኩት። ታክሲ ሲነዳ የሚያየው ሰው "የታክሲ ሹፌር" ነው የሚለው። ኮፈኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? እኛንም የሚያየን ሰው "ሠራተኛ" ነው የሚለው። እዚህ ገጽ ላይ ስፌት የምትችል አለች፣ ነርስነት የተማረች አለች፣ ግጥም የምትጽፍ አለች። ኮፈናችን ውስጥ ያለውን አንጣለው እህቶቼ።

ታዲያ ለምን የቴክሳሶቹን መረጥኩ? አልመረጥኩም፣ በዚያች ሌሊት ጆሮዬ ላይ የተሰካው እሱ ነው። ደሞ ሌላ ነገር አለ። የኃይሉን አኮርድዮን ስሰማ አዲስ አበባ ይመጣብኛል። የእማሆይን ስሰማ ቤት ይመጣብኛል። ይሄኛው ግን ከየትም አያመጣኝም፣ ወደየትም አይወስደኝም። የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው አገር የሠሩት ነው፣ ትዝታ የለብኝም። ትዝታ ሲከብድ ትዝታ የሌለበት ቦታ ማረፍ ጥሩ ነው።

አሁን መስማት ለምትፈልጉ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዩቲዩብ ላይ አለ። ፊደሉ ካስቸገራችሁ የማይክራፎኗን ምልክት ተጫኑና የባንዱን ስም በአፋችሁ በሉት፣ ይመጣል። ዋይፋይ ካለ ዋይፋይ ላይ ስሙ፣ ካርዳችሁን እንዳትጨርሱ፣ የደሴዋ ልጅ እንዳትረግመኝ። ከአምስተኛው ጀምሩ፣ "እጅሽ በእጄ" ከሚለው። እሱ ካልሰለቻችሁ ወደ መጀመሪያው ሂዱ። ሁለተኛውንና አራተኛውን ማታ ለመተኛት አትክፈቱ፣ መጨረሻቸው ይጮሃል። ቀን ላይ፣ ልብስ ስትተኩሱ፣ እነሱ ይሻላሉ። የኔ ካውያ ከዚያ ከበሮ ጋር ነው የሚሄደው፣ አምስት ሸሚዝ ሁለት ሙዚቃ ነው። በሱ ሰዓት እለካለሁ።

ሌላው ነገር ጆሮ ነው። እኛ ሥራ ላይ ስንሆን ኤርፎን የምናደርገው አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ጆሮ የማዳም ነው፣ ስትጠራን እንድንሰማ። እኔም ለብዙ ጊዜ ይሄንን አልበም በአንድ ጆሮ ነበር የሰማሁት። በሁለት ጆሮ ስሰማው ደነገጥኩ። አንዱ ጊታር በግራ፣ ሌላው በቀኝ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ሥራ ጨርሼ በሬን ስዘጋ ሁለቱንም ጆሮዬን እሰካለሁ። 45 ደቂቃ። በዚያች 45 ደቂቃ ሁለቱም ጆሮዬ የኔ ናቸው።

መድኃኒት ነው አልልም። እንቅልፍ ያጣሽ እህቴ፣ ነገሩ ከከበደሽ ሐኪም ማየት ከቻልሽ እይ፣ የምታምኛትን ሰው አውሪ፣ ብቻሽን አትያዢው። እኔም ዛሬም ሞተር ሳይክል ድንገት ሲያልፍ ትከሻዬ ይዘላል። ግን በፊት ለአንድ ሰዓት የሚቆየው መንቀጥቀጥ አሁን ሁለት ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ ይወርዳል። መውረድ እንዳለ አውቃለሁ። ጆሮዬ ተምሯል።

የቤቱ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ፈረንሳይ ገባች። ማዳም አሁንም "ያላ" ትለኛለች፣ እኔም አሁን "ሚን ፈድሊክ፣ ማዳም" ብዬ በቀልድ አስተምራታለሁ፣ አንዳንዴ ትስቃለች። አሮጊቷ ጆሮዋ ደክሟል፣ ከበሮውን ግን አልጋው ላይ ስልኬን ሳስቀምጥላት በእጇ ትሰማዋለች፣ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች። ቃል ስለሌለው አረብ ነሽ ሀበሻ ነሽ አይላትም።

የአልበሙን ርዕስ ደሞ አስቡት። ምድር ቀዝቃዛ የሞተ ቦታ አይደለችም። በየቤቱ ተዘግተን ስንኖር አንዳንዴ እንደዛ ትመስላለች። እኔ ግን እዚህ ገጽ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት "ነቅታችኋል ወይ?" ብላ አንዷ ስትጽፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከኩዌት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከአማን "አለን እህቴ" የሚል ሃያ ኮሜንት አያለሁ። የሞተ ቦታ እንዲህ አይመልስም።

እናንተስ ማታ ማታ ምን ትሰማላችሁ? ቃል ያለውም የሌለውም ይሁን፣ ከታች ጻፉልኝ። ያቺ የጠየቀችው እህት ደሞ ሰምተሽው ከሆነ ንገሪኝ፣ ካልወደድሽውም ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን። አሜን በሉ።